ፎቶ ውስጥ ፎቶ በጊምፕ መደበቅ፦ ሲወጣ ለምን ይበላሻል?

ነጠብጣብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጊምፕ 2.10 (ነጻ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ አንድ ፎቶ በሌላ ፎቶ ውስጥ መደበቅ ፈልጌ ነበር። ሁለቱም 1200 በ800 ፒክስል ናቸው። የሚደበቀውን ከላይ ሌየር (ንብርብር) አድርጌ ኦፓሲቲውን (ጎልቶ የሚታይበትን መጠን) 5 በመቶ ላይ አወረድኩትና በጄፔግ አስቀመጥኩት። በዓይን ምንም አይታወቅም። ችግሩ ማውጣቱ ላይ ነው። ፋይሉን ከፍቼ በሌቭልስ (የብርሃንና የጥላ ቁጥሮችን በሚያስተካክለው መሣሪያ) ስጎትተው ሁለቱ ፎቶዎች ተደራርበው ይታያሉ፣ የተደበቀውም በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተሞልቷል። ሌላ ፕሮግራም ሳልጨምር፣ በጊምፕ ብቻ ንጹሕ አድርጎ ማውጣት ይቻላል?

ጥላ፦
ይቻላል። ያጋጠሙህ ግን ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

አራት ማዕዘኖቹ የጄፔግ ናቸው። ጄፔግ ፎቶውን በ8 በ8 ፒክስል ይከፋፍልና ዓይን የማያስተውለውን ጥቃቅን ልዩነት ይጥላል። አንተ ደግሞ ፎቶህን የደበቅኸው እዚያው ጥቃቅን ልዩነት ውስጥ ነው። ጥራቱን 100 ብታደርገው እንኳ ቁጥሮቹ ሲጠጋጉ መዛነፋቸው አይቀርም። ስለዚህ ምንም የማይጥለውን ፒኤንጂ ብቻ ተጠቀም።

መደራረቡ የኦፓሲቲ ጥፋት ነው። ኦፓሲቲ ሁለቱን ያቀላቅላል እንጂ ለየብቻ አያስቀምጣቸውም፤ ከተቀላቀሉ በኋላ የትኛው ቁጥር ከየትኛው ፎቶ እንደመጣ የሚለይ ነገር የለም። መፍትሔው ለእያንዳንዱ የራሱን ቦታ መስጠት ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያንዳንዳቸው 8 ቢት (8 የ0 ወይም የ1 አሃዞች)፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ናቸው። ሽፋኑ፣ ማለትም ለዓይን የሚታየው ፎቶ፣ ላይኛዎቹን 4 ቢቶች ይያዝ፤ ያኔ ቁጥሮቹ 0፣ 16፣ 32 እያሉ እስከ 240 ይሄዳሉ። የሚደበቀው የታችኞቹን 4 ይያዝ፣ ከ0 እስከ 15። ሲደመሩ ከ255 አያልፉም፣ አንዱም ሌላውን አይነካም።

አሠራሩ ይህ ነው። ኢሜጅ፣ ፕሪሲዥን ውስጥ ገብተህ 8 ቢት ኢንቲጀር መሆኑን እይ። ሁለቱን ፎቶዎች በአንድ ፋይል ሁለት ሌየር አድርጋቸው፤ ማሳነስም ሆነ መቁረጥ ካለ አሁኑኑ ጨርስ፣ በኋላ ከነካኸው ሁሉም ይፈርሳል። ሽፋኑን ከታች አድርግና ከለርስ ውስጥ ፖስተራይዝ (የቀለም ደረጃዎችን ቁጥር የሚቀንሰውን) 16 ስጠው፣ ቀጥሎ በሌቭልስ የአውትፑቱን ከፍተኛ ቁጥር 240 አድርግ። የሚደበቀውንም ፖስተራይዝ 16 ስጠው፣ የእሱን አውትፑት ግን 15 አድርገው። ጥቁር ይመስላል፤ መምሰልም አለበት። ከዚያ የላዩን ሌየር ሞድ (ከታቹ ጋር የሚዋሃድበትን ዘዴ) አዲሽን፣ ማለትም መደመር፣ አድርገህ መርጅ ዳውን በለው፤ ሁለቱ አንድ ሌየር ይሆናሉ።

240ውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፖስተራይዝ 16 የሚሰጠው በ17 የሚሄድ ደረጃ ነው፦ 0፣ 17፣ 34 … 255። ይህን በሌቭልስ ወደ 240 ስትጨምቀው ነው እያንዳንዱ እርምጃ ልክ 16 የሚሆነው። ካልጨመቅኸው የሽፋኑ ቁጥር የታችኞቹን ቢቶች ቀድሞ ይይዛቸዋል፣ የተደበቀውም እላዩ ላይ ይደመራል።

ፒክስል፦
የጥላ አሠራር ትክክል ነው፤ ጊምፕ 2.10 ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። አዲሽን ሲመረጥ ጊምፕ የሚደምረው በስክሪኑ ቁጥር ሳይሆን በብርሃን መጠን ነው። የታቹ 96፣ የላዩ 7 ቢሆን 103 ልታገኝ ይገባል፤ የምታገኘው ግን 97 ገደማ ነው፣ የተደበቀውም ተድጦ ይጠፋል። ከሞድ ዝርዝሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭነህ ወደ ሌጋሲ (የድሮው አሠራር) ቀይር፣ አዲሽንን ከዚያ ምረጥ። መርጅ ከማድረግህ በፊት በከለር ፒከር (የቀለም ቁጥር ማንበቢያው) የሁለቱን ሌየሮች ቁጥር አንድ ቦታ ላይ አንብብ፣ ከዚያ ሳምፕል መርጅድን (ሌየሮቹን አንድ ላይ የሚያነበውን) አብርተህ ድምሩን አስተያይ። ልክ ካልመጣ አትቀጥል።

ስለ ማውጣቱ፦ 240 ያደረግኸውን ሽፋን ብቻውን ፒኤንጂ አድርገህ ለብቻው አስቀምጥ፤ ቁልፉ እሱ ነው። የተደበቀበትን ፋይል ክፈት፣ ሽፋኑን እንደ ሌየር ከላይ ጨምር፣ ሞዱን ዲፈረንስ፣ ማለትም ልዩነት፣ አድርግ (ይህም ከሌጋሲው)። መርጅ አድርገህ በሌቭልስ የኢንፑቱን ከፍተኛ ቁጥር 15 ስታደርግ የተደበቀው ሳይዛነፍ ይወጣል። ፋይሉ ሲከፈት የቀለም ፕሮፋይል ይቀየር ወይ ብሎ ከጠየቀህ እንዳለ ይቆይ በል፤ መቀየር ማለት ቁጥሮቹን ሁሉ ማንቀሳቀስ ነው።

ሽፋኑ ከሌለህ በጊምፕ ፖስተራይዝ አውጣለሁ ብለህ አትድከም። እሱ ወደ ቅርቡ ደረጃ ያጠጋጋል እንጂ ቢት አይቆርጥም፤ 240 ራሱ ወደ 238 ይወርዳል። ያኔ የእያንዳንዱን ፒክስል ቁጥር ለ16 አካፍሎ ቀሪውን በ17 የሚያባዛ አጭር የፓይተን ስክሪፕት ይሻላል።

ነጠብጣብ፦
ሌጋሲው ነበር፣ አሁን ንጹሕ ወጣ። አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። ግን ሽፋኑ ላይ ሰማዩ ደረጃ ደረጃ ሆነ፣ የተደበቀው ሰው ጠርዝም እንደ ጥላ ይታያል።

ጥላ፦
4 ቢት ለሰማይ ይበዛበታል። በዚህ ስሌት የሽፋኑ ቁጥር እስከ 22 ድረስ ሊዛነፍ ይችላል፤ ለስላሳ ቦታ ላይ ዓይን ያንን ወዲያው ይይዘዋል። ወደ 2 ቢት ውረድ፦ ሽፋኑ ፖስተራይዝ 64፣ አውትፑት 252፤ የሚደበቀው ፖስተራይዝ 4፣ አውትፑት 3። ስታወጣ ኢንፑቱ 3 ይሁን። መዛነፉ ከ5 አይበልጥም። የምትከፍለው ዋጋ በእያንዳንዱ ቀለም 4 ደረጃ ብቻ መቅረቱ ነው፤ ጽሑፍ፣ ካርታ ወይም የመስመር ሥዕል ይችለዋል፣ የሰው ፊት ግን ይጎዳል። የግድ ፊት ከሆነ 4 ቢቱን ያዝና ሽፋኑን ለውጥ። ቅጠል፣ ጠጠር፣ ሻካራ ጨርቅ ያለበት ፎቶ ብዙ ይሸፍናል። እኔ ብሆን ሁልጊዜ ከሽፋን ምርጫ ነው የምጀምረው፣ ቢቱ ቀጥሎ ይመጣል።

ፒክስል፦
ለሰው የምትልከው ከሆነ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፣ ዋትሳፕ ላይ እንደ ዶክመንት ላከው። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ የታችኞቹ ቢቶችም አብረው ይጠፋሉ።

ደግሞም ይህ መደበቅ እንጂ መቆለፍ አይደለም። የታችኞቹን ቢቶች አጉልቶ የሚያይ ማንም ሰው ያለ ሽፋኑም ያገኘዋል። ነገሩ በእውነት ምስጢር ከሆነ ፎቶውን በሰቨን ዚፕ (ፋይል ማሸጊያ ፕሮግራም)፣ በ7z ፎርማት፣ በረጅም የይለፍ ቃል ቆልፈህ ላክ፤ የሚጠቀመው ኤኢኤስ 256 የተባለውን ጠንካራ የምስጠራ ዘዴ ነው።