ከባድ የሱዶኩ ዓይነቶችን አንድ አኃዝ አስገብቶ እየሞከሩ መሙላት መፍታት ነው ወይስ መገመት?

ጥያቄ

መደበኛውን ሱዶኩ (በእያንዳንዱ ረድፍ፣ ዓምድና ባለ 9 ካሬ ሳጥን ውስጥ ከ1 እስከ 9 ያሉት አኃዞች አንድ አንድ ጊዜ የሚገቡበትን) ያለ ብዙ ችግር እፈታለሁ። ተጨማሪ ደንብ ያላቸውን፣ በተለይም አኃዝ ሳይሆን የካሬዎች ድምር ብቻ የሚሰጥበትን ኪለር ሱዶኩን እና በመስመር የተያያዙ ጎረቤት ካሬዎች ቢያንስ በ5 እንዲለያዩ የሚያስገድደውን ጀርመን ዊስፐርስ የተባለውን ስሞክር ግን መሐል ላይ እቆማለሁ። ያን ጊዜ ሁለት አማራጭ ብቻ የቀረው ካሬ ፈልጌ አንዱን አስገባና እቀጥላለሁ፤ ተቃርኖ ካጋጠመኝ ተመልሼ ሌላውን አስገባለሁ፣ ካላጋጠመኝ ሠንጠረዡ ሞልቶ ያልቃል። አንድ ጓደኛዬ «ገምተህ እንጂ አስበህ አልፈታኸውም» ይለኛል። የሚገኘው መልስ ያው ከሆነ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ 1

ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገው ያዩ ይመስለኛል። ካሬው 2 ወይም 7 ነው እንበል። 2ን አስገብተው ተቃርኖ ላይ ከደረሱ 7 መሆኑ ተረጋግጧል፤ ይህ እንከን የማይወጣለት ማስረጃ ነው። 2ን አስገብተው ሠንጠረዡ ያለ ተቃርኖ ከሞላ ግን 2 ሊሆን እንደሚችል እንጂ 7 ሊሆን እንደማይችል አላሳዩም፤ ሌላ መፍትሔ የለም የሚለውን የተቀበሉት ከአዘጋጁ ቃል ነው። እንግዲህ ነገሩ ከሚጠበቀው ተቃራኒ ነው፤ የከሸፈው ሙከራ ማስረጃ ሲሆን የተሳካው ዕድል ነው። የጓደኛዎ ትችት የሚሠራው በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን በሙከራ የሚፈታ ሰው አዘጋጁ ደብቆ ያስቀመጠውን ሐሳብ ሳያየው ያልፋል። የጀርመን ዊስፐርስን መስመር ይመልከቱ። 5 ከየትኛውም አኃዝ በ5 ስለማይለይ መስመሩ ላይ ከቶ አይቀመጥም፤ ከ1 እስከ 4 ያሉትና ከ6 እስከ 9 ያሉትም የግድ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። 4 ጎረቤቱ ሊሆን የሚችለው 9 ብቻ ነው፤ ስለዚህ 4 ከመስመሩ ጫፍ ሳይሆን ከመሐሉ ቢቀመጥ በሁለቱም ወገን 9 ይመጣል። ሁለቱ ጎረቤቶች በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ዓምድ ወይም በአንድ ሳጥን ውስጥ ካሉ ደግሞ ይህ አይቻልም። 6ም ከ1 ጋር በዚሁ መንገድ ይታገዳል። እንግዲህ አንድም አኃዝ ሳይጻፍ መስመሩ በአንድ ሳጥን ውስጥ በመጠምዘዙ ብቻ 4፣ 5 እና 6 ከመሐለኞቹ ካሬዎች ወጡ ማለት ነው።

በኪለር ሱዶኩም እንደዚሁ መጀመሪያ ድምሮቹን መደመር ይጠቅማል። የእያንዳንዱ ረድፍ፣ ዓምድና ሳጥን ድምር 45 ነው፤ አንድን ሳጥን የሚሸፍኑት ክልሎች (ድምራቸው የተሰጠላቸው የካሬ ቡድኖች) ድምር 52 ሆኖ ከመካከላቸው አንድ ካሬ ብቻ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ያ ካሬ 7 ነው። ብዙ ሰው የሚቆመው አስቸጋሪ ቦታ ደርሶ ሳይሆን ይህን ድምር በሁለትና በሦስት ሳጥኖች ላይ አንድ ላይ መሥራት ስለሚታክተው ነው።

መልስ 3

አንድ ቅሬታ አለኝ። «4 መሐል ላይ ቢቀመጥ ሁለት 9 ይመጣል፣ ስለዚህ አይቀመጥም» የሚለው ክርክር ራሱ ሙከራ ነው፤ ያጠረ ስለሆነ ብቻ ሌላ ስም ተሰጠው። አማራጮችን ሁሉ አንድ በአንድ መፈተሽም ከሎጂክ ውጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበሩ የሒሳብ ተመራማሪዎች ከ17 ያነሰ አኃዝ ተሰጥቶት አንድ መፍትሔ ብቻ ያለው መደበኛ ሱዶኩ እንደሌለ ያሳዩት በመሠረቱ እርስ በርሳቸው የሚለያዩትን 5,472,730,538 የተሞሉ ሠንጠረዦች በኮምፒውተር በማስፈተሽ ነው፤ ገመቱ ያላቸው ግን የለም። እኔ መስመሩን የማሰምረው እንደዚህ ነው፦ ተቃርኖውን እርሳስ ሳላነሳ በአእምሮዬ ተከትዬ ለሌላ ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ከቻልኩ ፈትቻለሁ፤ ሠንጠረዡን ገልብጬ በሁለተኛ ወረቀት ላይ መቀጠል ካስፈለገኝ ያላየሁት ነገር አለ ብዬ እመለሳለሁ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ በመደበኛው ሱዶኩ «መፍትሔው አንድ ብቻ ነው» ከሚለው በመነሣት በሁለት ረድፍ፣ በሁለት ዓምድና በሁለት ሳጥን ውስጥ ያሉ አራት ካሬዎች ያው ሁለት አኃዝ ብቻ ሊቀርላቸው አይችልም የሚለውን ዘዴ እጠቀማለሁ። እዚህም ይሠራል?

መልስ 1

እንዳለ አይውሰዱት። ዘዴው የቆመው ሁለቱን አኃዞች ብናቀያይራቸው ሌላ ትክክለኛ መፍትሔ ይወጣል በሚል መነሻ ላይ ነው። በኪለር ሱዶኩ ግን የሚቀያየሩት ካሬዎች በተለያዩ ክልሎች ውስጥ ካሉ የክልሎቹ ድምር ይዛባል፤ ስለዚህ የተቀያየረው ሠንጠረዥ መፍትሔ መሆኑ ይቀራል፣ አራቱም ካሬዎች ያለ ችግር እነዚያን ሁለት አኃዞች ሊይዙ ይችላሉ። ከመጠቀምዎ በፊት ልውውጡ የትኛውንም ተጨማሪ ደንብ እንደማይነካ ያረጋግጡ፤ ቴርሞሜትር (አኃዞች ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እያደጉ የሚሄዱበት መስመር)፣ ቀስት (በላዩ ያሉት አኃዞች ድምር ከክቡ አኃዝ ጋር እኩል የሚሆንበት መስመር) ወይም የዊስፐርስ መስመር ከአራቱ ካሬዎች በአንዱ ካለፈ ዘዴውን ቢተዉት ይሻላል።