የብረቱ እፍግታ 1.97 ሆኖ ወጣ፤ ስህተቱ የት ላይ ነው?

የማታ ተማሪ (ጠያቂ)፦
የላቦራቶሪ ዘገባዬን ዛሬ ማታ ማስረከብ ስላለብኝ አስቸኳይ እርዳታ እሻለሁ። የተሰጠኝ የሲሊንደር ቅርጽ ያለው ድፍን ብረት ሲሆን፣ መጠነ ቁሱ በሚዛን 123.6 ግራም፣ ቁመቱ 5.0 ሴንቲሜትር ነው። ፓይን በሬዲየሱ ካሬና በቁመቱ አባዝቼ 62.8 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይዘት አገኘሁ። መጠነ ቁሱን ለይዘቱ ሳካፍል ግን እፍግታው 1.97 ሆኖ ይወጣል፤ ሠንጠረዡ ለብረት የሚሰጠው 7.87 ነው። አምስት ጊዜ ደግሜ አስልቼዋለሁ፤ ካልኩሌተሩንም ቀይሬያለሁ።

ቀልደኛው፦
ብረቱ ሳይከሳ አልቀረም።

ሊትሮ፦
ቀመሩን ይተዉትና ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ልኬት ባለው ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ጨምረው ደረጃውን ያንብቡ፣ ብረቱን በክር አስረው ቀስ ብለው ያስገቡ፣ ከዚያ እንደገና ያንብቡ፤ የሁለቱ ንባቦች ልዩነት ይዘቱ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መጠነ ቁስንና ክብደትን መለየት ይገባል። መጠነ ቁስ በአንድ አካል ውስጥ ያለው የቁስ መጠን ሲሆን በግራም ወይም በኪሎግራም ይለካል፤ ክብደት ግን መሬት አካሉን የምትስብበት ኃይል ስለሆነ የሚለካው በኒውተን ነው። ያንተ 123.6 ግራም እዚህ ወደ 1.21 ኒውተን ይመዝናል፤ ጨረቃ ላይ ብትወስደው ክብደቱ ወደ አንድ ስድስተኛ ሲወርድ መጠነ ቁሱ ግን አይለወጥም፤ እፍግታውም እንዲሁ። በተጨማሪም ከቁጥሩ ጎን አሃዱን አልጻፍክም። 1.97 ምን? ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ከሆነ 1970 ኪሎግራም በኪዩቢክ ሜትር ማለት ነው፤ አሃድ የሌለው እፍግታ መልስ አይባልም።

የማታ ተማሪ፦
መምህር፣ አመሰግናለሁ። አሃዱ ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው፤ በችኮላ ዘልዬው ነው። ሆኖም አሃዱን መጻፌ 1.97ን 7.87 አያደርገውም።

ጠርጣሪው፦
እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ቁራጩ ድፍን መሆኑን በምን አረጋገጡ? መጠነ ቁስን ለይዘት ስናካፍል የምናገኘው የጠቅላላውን አካል አማካይ እፍግታ ነው፤ ከብረት የተሠራ መርከብ የሚንሳፈፈውም በውስጡ ያለው አየር አማካዩን ከውሃ በታች ስለሚያወርደው ነው። የእርስዎ ሲሊንደር ሦስት አራተኛው ክፍት ቢሆን በትክክል 1.97 ይወጣል። ሠንጠረዡንና ራስዎን ከመውቀስዎ በፊት ዕቃውን ይጠርጥሩ።

የማታ ተማሪ፦
ድፍን መሆኑ መመሪያው ላይ ተጽፏል።

ሊትሮ፦
ውሃ ውስጥ ቢነክሩት ኖሮ እስካሁን ይታወቅ ነበር።

ዝም ባይ፦
የጠርጣሪው ስሌት ልክ ነው፤ ነገር ግን ጉድለቱ ልክ ሦስት አራተኛ መሆኑ ራሱ ሌላ ነገር ይጠቁማል። 7.87ን ለ1.97 ያካፍሉት፤ 4 ይመጣል። እውነተኛ ጉድለት እንዲህ የተስተካከለ ቁጥር እምብዛም አይሰጥም፤ አራት እጥፍ ልዩነት የሚመጣው ካሬ የሚደረግ አንድ ቁጥር በእጥፍ ሲገባ ነው። ከሰጡን አሃዞች ወደ ኋላ ብንሄድ፣ 62.8 ለፓይና ለ5.0 ሲካፈል 4 ስለሚሆን የተጠቀሙበት ሬዲየስ 2.0 ሴንቲሜትር ነበር። እንግዲያው ብረቱ ከዳር እስከ ዳር 4 ሴንቲሜትር ይሰፋል ማለት ነው። እውነት ይህን ያህል ይሰፋል? የሬዲየሱን ልኬት ከነአለካኩ ቢጽፉልን መልካም ነው።

የማታ ተማሪ፦
2.0 ሴንቲሜትሩ ላይ ስህተት የለም፤ ብረቱን በካሊፐር ከዳር እስከ ዳር ይዤ ሦስት ጊዜ ነው የለካሁት። ይልቅስ ሚዛኑ ይሆን እንዴ የሚያሳስተኝ? ዕቃ ሳይጫንበት ዜሮ ማሳየቱን አላየሁም።

ቀልደኛው፦
ሚዛኑ ምስኪን ነው፤ ይተዉት።

ዝም ባይ፦
መልሱን ራስዎ ጻፉት። ካሊፐር ከዳር እስከ ዳር የሚሰጠው ዲያሜትሩን ነው፤ ሬዲየሱ የዚያ ግማሽ፣ ማለትም 1.0 ሴንቲሜትር ነው። ይዘቱ 15.7 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይሆናል፤ 123.6 ለ15.7 ሲካፈል 7.87 ይመጣል። ነገር ግን በዘገባዎ ላይ 7.9 ብለው እንዲጽፉ እመክራለሁ፤ 2.0 እና 5.0 እያንዳንዳቸው ሁለት ትርጉም ያላቸው አሃዞች ብቻ ስላሏቸው ውጤቱ ከዚያ በላይ ትክክለኛነት ሊሸከም አይችልም። ከሠንጠረዡ ጋር እስከ መጨረሻው አሃዝ መግጠሙም በከፊል ዕድል ነው።

የሊትሮ ዘዴ ቅርጹ ለቀመር ለማይመች ዕቃ ከሁሉ ይሻላል፤ እዚህ ግን ይዘቱ ትንሽ ስለሆነ ከመለኪያ ሲሊንደሩ መስመሮች ላይ አንድ ሚሊሊትር ብንስት ስህተቱ ከመቶ 6 ያህል ይሆናል። የውሃውን ደረጃ በዓይን ትይዩ ሆኖ ከጎድጓዳው ገጽ ታች ማንበብና በብረቱ ላይ የተጣበቀውን የአየር አረፋ ማራገፍም ያስፈልጋል። ሚዛን በእጅዎ ካለ የበለጠ የሚያረካ መንገድ አለ። ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ ከዚያ ብረቱን በክር አንጠልጥለው፣ ታችና ጎኑን ሳያስነኩ ሙሉ በሙሉ ያጥልቁት። ውሃው ብረቱን ወደ ላይ በሚገፋበት ኃይል ልክ ብረቱም ውሃውን ወደ ታች ስለሚገፋው፣ ሚዛኑ የሚያሳየው የተፈናቀለውን ውሃ መጠነ ቁስ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውሃ አንድ ግራም ያህል ስለሆነ ንባቡን እንዳለ ይዘት አድርገው መውሰድ ይችላሉ፤ በዚህ ብረት 15.7 አካባቢ ማሳየት አለበት።

ጡረተኛው መምህር፦
አርኪሜደስ የንጉሡን ዘውድ የመረመረበት ታሪክ የሚያስተምረውም ይኸንኑ የመፈናቀል ነገር ነው። የወርቅ እፍግታ 19.3 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ሆኖ ከብር ስለሚበልጥ፣ ብር የተቀላቀለበት ዘውድ በመጠነ ቁስ ከንጹሕ ወርቅ ጋር እኩል ቢሆንም ቦታ ይበልጥ ይይዛል።

ጠርጣሪው፦
ድፍን መሆኑን ተቀብያለሁ፤ ብረት መሆኑን ግን ገና አልተቀበልኩም። ዲያሜትሩ በግማሽ ሚሊሜትር ቢሳሳት ይዘቱ ከመቶ 5 ያህል ይሳሳታል፤ ስለዚህ እፍግታው ከ7.5 እስከ 8.3 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል፤ በዚህ መካከል ደግሞ የማይዝገው ብረትም አለ። ማግኔት ቢያስጠጉት ቢያንስ አንድ ፍንጭ ይሰጥዎታል።

ሊትሮ፦
ጠያቂው ዘገባውን አስረከቡ ወይስ አሁንም ሚዛኑን እየመረመሩ ነው?