የአባቴን ወረቀቶች እንዴት ላድናቸው?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። አባቴ መጀመሪያ ዲፕሎማት፣ ኋላ የሙዚየም ኃላፊ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወረቀታቸው ሁሉ በአንድ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። የኤምባሲ ደብዳቤና የቅርስ መዝገብ አብሮ ታስሯል። የክረምቱ እርጥበት ገብቶበት አንዳንዱ ገጽ ተጣብቋል። የስቴፕለሩ ሽቦ ዝጎ ወረቀቱን በስቶታል።

እህቴ ላሚኔት እናስደርገው ትላለች። እኔ በጭራሽ! ሙቀቱ ወረቀቱን ይጎዳል፤ አንዴ ከተለበጠም መመለሻ የለውም። እሳቸው ያሰሩበትን ቅደም ተከተልም ማፍረስ አልፈልግም። የትኛው ደብዳቤ ከየትኛው ቅርስ ጋር እንደሚገናኝ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለመስጠት ቤተሰቡ ተስማምቷል። የተጣበቀውን ግን ከማስረከባችን በፊት እናላቅቀው ወይስ እንዳለ እንተወው? እስከዚያስ ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ? የመዝገብ ሥራ የምታውቁ፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ።