ቀጭን ነኝ፣ እጾማለሁ፤ ኮሌስትሮሌ ለምን ከፍ አለ?

ጠያቂ፣ ከፒያሳ
ሰላም ለሁላችሁ። 36 ዓመቴ ነው፣ 58 ኪሎ ነኝ። አጽዋማቱን ሁሉ እጾማለሁ። ስድስት ኪሎ ወዳለው ሥራዬ በእግሬ ነው የምመላለሰው። ሰሞኑን ስመረመር ጠቅላላ ኮሌስትሮል 286፣ ኤችዲኤል (ጥሩው የሚባለው ኮሌስትሮል) 48፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ቅባት) 170፣ ኤልዲኤል (መጥፎው የሚባለው ኮሌስትሮል) 204 ወጣ። ውጤቱን የሰጠኝ ሰው «ቅባት ቀንስ» ብሎ ሸኘኝ። የቱን ቅባት ልቀንስ? እህቴ ቅቤ ያልገባበት ወጥ አትበላም፣ የሷ ግን ደህና ነው። አባታችን በ49 ዓመቱ በድንገት በልብ ሕመም አረፈ። ይሄ ነገር በዘር ይመጣል እንዴ? በጣም ጨንቆኛል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ካዛንቺስ
መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ኤልዲኤል ብዙ ጊዜ በስሌት ነው የሚገኘው። ከ286 ላይ 48 ቀንስ። ትራይግሊሰራይዱን ለ5 ስታካፍል 34 ነው፤ እሱንም ቀንስ። 204 ይመጣል። ስሌቱ ልክ ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ ግን ይህ ስሌት አይታመንም። በልተህ ደም ሰጥተህ ከሆነ ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ሊል ይችላል፤ ኤልዲኤሉ ብዙም አይቀየርም።

እናት፣ ከአራት ኪሎ
ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ለጾም ወጥ የምትጠቀመው ዘይት የቱ ነው? የሚረጋው የፓልም ዘይት ከሆነ ጾምኩ ብለህ አትዘናጋ። ለባለቤቴ ሐኪሙ ያንን ነው ያስተወው።

ሐኪም
እናታችን ልክ ናቸው። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤው የሚረጋ ቅባት ነው። ሳይጠለል የሚጠጣ የፈላ ቡናም ኤልዲኤልን በመጠኑ ይጨምራል። ግን ወንድሜ፣ 204ን በዘይትና በቡና ብቻ ማስረዳት ይከብደኛል።

ጉበታችን ላይ ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅሙ ተቀባዮች አሉ። እነሱን የሚሠራው ጂን ሲበላሽ ኤልዲኤሉ ደም ውስጥ ይቀራል። ይህ በቤተሰብ የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ይባላል፤ ከ250 ሰው በግምት አንዱ ጋ አለ። ኤልዲኤል ከ190 ሲያልፍና ወላጅ በወጣትነት በልብ ሲያርፍ መጠርጠር አለብን። አንድ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የእህትህ ደህና መሆን ከዚህ ጋር አይጋጭም።

ሌላው በዘር የሚመጣበት መንገድ የብዙ ትንንሽ የጂን ልዩነቶች ድምር ነው። በፈረንጆች 2010 ከ100,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ከደም ቅባት ጋር የተያያዙ 95 የዘረመል ቦታዎችን አሳይቷል። አብዛኞቹ በየፊናቸው ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነው የሚጨምሩት ወይም የሚቀንሱት። አፖኢ የሚባለው ጂን ለምሳሌ ሦስት ዓይነት አለው፤ 4ኛ ቁጥር የተሰጠው ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፣ 2ኛው ዝቅ ያደርጋል። ሰው ጨማሪዎቹን በብዛት ከወረሰ ቀጭንም ቢሆን ቁጥሩ ይወጣል። ጥፋት ስለሠራህ አይደለም።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ትራይግሊሰራይዱስ? የጂን ምርመራስ ላድርግ?

ሐኪም
ትራይግሊሰራይድም የራሱ ጂኖች አሉት፤ ኤልፒኤልና አፖኤ5 ዋነኞቹ ናቸው። ግን ስኳር፣ አልኮልና ውፍረት በቶሎ የሚነኩት እሱን ነው። 170 በመጠኑ ነው ያለፈው፤ ከ150 በታች ቢሆን እንመርጣለን። ከ500 ካለፈ ለቆሽት ያስፈራል።

የጂን ምርመራ እስኪገኝ አትጠብቅ። ከብዙ ጂኖች ተደምሮ የሚሰላው ነጥብ በአብዛኛው በአውሮፓውያን ዘር ላይ ስለተሠራ ለእኛ በደንብ አይሠራም። ይልቅ ታይሮይድህን፣ ኩላሊትህንና ስኳርህን ተመርመር፤ ታይሮይድ ሲቀንስ ኤልዲኤል ይጨምራል። ከተረከዝህ በላይ ያለው ጅማት ወፍሮ እንደሆነም ሐኪሙ ይዳስሰው፤ በቤተሰብ የሚወረሰው ዓይነት ምልክት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ስታቲን ስለሚባለው ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒት ከሐኪምህ ጋር አንሱ። በዚህ ቁጥር መድኃኒት መጀመር የተለመደ ነው።

ስታቲን ተጠቃሚ፣ ከሜክሲኮ
እኔ 212 ነበርኩ። አቶርቫስታቲን ስጀምር በሦስት ወር 118 ወረደ። ደህና ሆንኩ ብዬ ሳቆም ተመልሶ ወጣ። እባክህ ሐኪም ሳታማክር አታቋርጥ።

ሐኪም
ሚስትህ ወይም እህትህ መድኃኒቱን የምትጀምር ከሆነ ደግሞ እርግዝና ካሰበች ቀድማ ለሐኪም ትንገር። ልጅ አለህ?

ጠያቂ
የ9 ዓመት ልጅ አለችኝ። ታናሽ ወንድሜም ተመርምሮ አያውቅም። ቅዳሜ ሁለቱንም ይዣቸው እሄዳለሁ። የእናታችንን ነገር ሰምቼ ዘይቱን ዛሬ አይቼው፣ የረጋ ነው።