ድሬዳዋ፦ ከመንገድ የተነሳ ውሻ ሲጠሩት እንዲመጣ እንዴት ይለማመዳል?

ሳቢያን_02
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆነው ከመንገድ የተነሳ ወንድ ውሻ አለኝ። ግቢ ውስጥ "ና" ስለው እየሮጠ ይመጣል። ከበር ከወጣን ግን ፍየል፣ ባጃጅ ወይም የሥጋ ቤት ሽታ ካገኘ አይሰማኝም። ስከተለው ጨዋታ ይመስለዋል፤ ሲመለስ ብቆጣውም ለውጥ የለም። ከየት ልጀምር? የሚበላው የቤት እንጀራ በወጥ ነው።

ከዚራ
አቦ፣ በቅድሚያ ቁጣውን ተይው። ውሻ ቁጣውን የሚያያይዘው ቀድሞ ከሮጠው ሩጫ ጋር ሳይሆን አንቺ ጋር ከመድረሱ ጋር ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሦስት ሜትር ርቆ ይቆማል። ምንም ያህል ቢዘገይ፣ ከመጣ ጉርሻ ይገባዋል።

"ና"ን ሰፈሩ ሁሉ ሲጠራው ስለሚውል አዲስ ጥሪ ስጪው። እኔ ፊሽካን እመርጣለሁ፤ ስትናደጂም ሲደክምሽም ድምፁ ያው ነው። ሦስት አጫጭር ፉጨት ይሁን፤ የትራፊክ ፖሊስ ከሚነፋው ረጅሙ ይለያል።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ አጠገብሽ ቆሞ ሳለ ንፊና ወዲያው አጉርሺው። በአንድ ዙር 10 ጊዜ፣ በቀን ሁለት ዙር፣ አንድ ሳምንት ያህል። ፊሽካው ይቅደም፤ እጅሽ ወደ ኪስ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እጅሽ ከቀደመ ውሻው የሚማረው የፌስታሉን ኮሽታ ነው። ፊሽካውን ሲሰማ አንገቱን አዙሮ እጅሽን መፈለግ ከጀመረ ግቢ ውስጥ ከ3 ሜትር፣ ከዚያ ከ5 ሜትር ጥሪው።

ውጭ ስትወጪ 10 ሜትር ገመድ ያስፈልግሻል። ከአንገቱ ሳይሆን ከደረት ማሰሪያው ጀርባ ላይ እሰሪው፤ ሮጦ ገመዱ ሲያልቅበት አንገቱ ይጎዳል። ጫፉ ላይ ቋጠሮ አይኑር፣ ድንጋይና እሾህ ይይዘዋል። እጅሽ ላይም አትጠምጥሚው፤ ናይለን መዳፍ ይልጣል። ገመዱ ለመጎተት አይደለም። ሥራው ጥሪውን ችላ ብሎ ፍየሏ ጋ እንዳይደርስ ማድረግ ብቻ ነው፤ አንዴ ካባረራት የማባረሩ ደስታ ከየትኛውም ጉበት ይበልጥበታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ርቀቱ ላይ ነው። ፍየሎቹን እያየ ጉርሻ የሚቀበልበትን ቦታ ፈልጊ። ጉበት አፉ ስር አድርገሽለት ካልቀመሰ በጣም ቀርባችኋል፣ 20 ሜትር ወደኋላ በሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ንፊ። በሁለት ሦስት ሰከንድ ካልዞረ አትድገሚ፤ ጀርባሽን ሰጥተሽ በፍጥነት ራቂ፣ ገመዱንም ቀስ እያልሽ ሰብስቢ። ሁለቴ በተከታታይ ከከሸፈ ርቀቱን ጨምሪ። ከ10 ጥሪ 8ቱን ከመጣ 5 ሜትር ቅረቢ።

ሲደርስ በአገጩ ስር አንገት ማሰሪያውን ያዢ። ከመንገድ የመጣ ውሻ ከላይ የሚመጣ እጅ ድንጋይ ይመስለዋል። እንደያዝሽው አራት አምስት ቁራጭ አንድ በአንድ አጉርሺውና "ሂድ" ብለሽ ልቀቂው። ጥሪ ሁሉ ወደ ቤት በመመለስ ካለቀ ጠርጥሮ ይቀራል።

ሳቢያን_02
እግዜር ይስጥልኝ። ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ ብሞክርስ? ገመዱስ መቼ ይወልቃል?

ከዚራ
በበጋ ደቻቱ ሰፊ ስለሆነ ይመቻል። በክረምት ግን አትሞክሪው። ከላይ ደጋው ላይ ዘንቦ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ ይደርሳል፤ የ1998ቱ የመጣው በሌሊት ነበር። ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይሻላል። ከዚያ በኋላ አስፋልቱን በእጅሽ ጀርባ ንኪው፤ 7 ሰከንድ ካላስቻለሽ መዳፉን ያቃጥለዋል። ገመዱን ለማውለቅ አትቸኩዪ፤ ወራት ይፈጃል። መጀመሪያ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ይከተለው፤ ሲወልቅም በታጠረ ቦታ ይሁን።

ጁገል_ሐረር
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ምግቡን ልጨምር። ወጡን ተይው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ለጉርሻ ያለ ቅመም የተቀቀለ ጉበት ወይም ቀይ የግመል ሥጋ በሽምብራ ፍሬ መጠን ከትፈሽ ያዢ። ጉበቱን ግማሽ ሰዓት በደንብ ቀቅዪው። ጥሬ ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ውሻ ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሰው ይይዛል። ጉበት በየቀኑ ሲበዛም ጥሩ አይደለም፣ ከሥጋው ጋር አፈራርቂው። የሰጠሽውን ያህል ከእራቱ ቀንሺ፤ የጠገበ ውሻ ለጉርሻ አይሮጥም።

ወደ ሐረር ይዘሽው ከመጣሽ ደግሞ ከመሸ በኋላ በአጭር ገመድ ብቻ ያዢው፣ በተለይ ፈላና በር አካባቢ። ጅብ ተከትሎ የሮጠ ውሻ ፊሽካ አይመልሰውም፤ ጅብም ውሻ ይበላል። የእብድ ውሻ ክትባቱንም በየዓመቱ አሳድሺ።

ሳቢያን_02
ነገ ጉበቱን ገዝቼ ቤት ውስጥ በፊሽካው እጀምራለሁ። ገመዱን ባለ 8 ሚሊሜትር ልግዛ?

ከዚራ
ለመካከለኛ ውሻ ይበቃል። ከክቡ ይልቅ ጠፍጣፋውን ብታገኚ ለእጅ ይመቻል። መንጠቆው ብረት ይሁን፣ ፕላስቲኩ ይሰበራል።