ወላጆቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በሽርሽር መርከብ ሊጓዙ ነው፤ ምን ዕቃ ይያዙ?

ጠያቂ፦ የጠባሴው፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሮም የምትኖረው እህቴ በመጪው ጥቅምት ወላጆቻችንን ወስዳ፣ ከሮም አቅራቢያ ካለው የቺቪታቬኪያ ወደብ ተነሥቶ በማልታና በግሪክ ደሴቶች በኩል እስከ ቱርኩ ኩሻዳሲ በሚሄድ የሽርሽር መርከብ ልታዝናናቸው አስባለች። ከኩሻዳሲ ወደብ የጥንቷ ኤፌሶን ፍርስራሽ ቅርብ ስለሆነ፣ እናታችን በሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት ስሟን ሲሰሙ የኖሩትን ከተማ በዓይናቸው ሊያዩ ነው በሚል ደስታ ከወዲሁ እንቅልፍ አጥተዋል።

ሻንጣ የማዘጋጀቱ ኃላፊነት የወደቀው በእኔ ላይ ነው። ሁለቱም በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ አባታችን የስኳር ሕመም ስላለባቸው ኢንሱሊን ይወጋሉ። እናታችን ደግሞ እስካሁን በርኖስ፣ ሁለት ጋቢ፣ ቋንታ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ጀበናና ረከቦት፣ ጧፍና ዕጣን አልጋ ላይ ደርድረው እየጠበቁኝ ነው። በኢንተርኔት የሚገኙት ዝርዝሮች መርከብ ለለመደ ሰው የተጻፉ በመሆናቸው፣ ከእኛ አገር ለሚነሡ አረጋውያን በእርግጥ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት አልቻልኩም። የትኛው ይያዝ፣ የትኛው ቤት ይቅር፣ በእጅ ቦርሳ መሆን ያለበትስ የትኛው ነው? የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የደብረ ሲና ልጅ

እንኳን ለዚህ አበቃቸው። በሽርሽር መርከብ ላይ የእንግዶችን መኝታ ክፍል በማሰናዳት ሥራ ስለ ቆየሁ፣ ሰው በየቀኑ የሚጠቀምበትንና ሳይነካው ይዞት የሚመለሰውን ዕቃ በቅርብ አይቻለሁ።

አስቀድሜ የሚከለከለውን ልናገር። በባሕር ላይ ከማዕበል ይልቅ የሚፈራው እሳት ነው፤ ስለዚህ ጧፍ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ውኃ ማፍያና የልብስ ካውያ ወደ መርከቡ አይገቡም። ሻንጣው በመፈተሻ መሣሪያ ሲያልፍ ከተገኙ ይወሰዱና በአብዛኛው ጉዞው ሲያልቅ ይመለሳሉ። ጀበናውም የሚጣድበት ስለማይኖር ለመሰበር ብቻ ባይሄድ ይሻላል። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ የኤክስቴንሽን ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ድንገት ሲጨምር ዕቃን እንዲከላከል የተሠራ ኤክስቴንሽን፣ የመርከብ የኤሌክትሪክ መስመር ከቤት መስመር የተለየ በመሆኑ ሊግልና እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል የተከለከለ ነው። በምትኩ ሁለት ሦስት ስልክ በአንድ ጊዜ የሚሞላ የዩኤስቢ ቻርጀር ይያዙላቸው። በአብዛኞቹ መርከቦች ከአሜሪካኑ ባለ 110 ቮልት ሶኬት ጎን ባለ 220 ቮልት የአውሮፓ ሶኬት ስለሚኖር፣ የእኛ ባለ ሁለት ክብ እግር መሰኪያ በቀጥታ ይገባል።

በመሳፈሪያው ቀን ትላልቅ ሻንጣዎች ወደብ ላይ ለተሸካሚዎች ይሰጡና ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም አመሻሽ ላይ፣ መኝታ ክፍሉ በር ድረስ ይመጣሉ። እስከዚያ ድረስ እንግዳው በእጁ ካለው በቀር ምንም አያገኝም። ስለዚህ መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ መነጽር፣ የስልክ ቻርጀር፣ አንድ ቅያሪ ልብስና ነጠላ ከእጅ ቦርሳ አይለዩ። የመጨረሻዋ ሌሊት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናት፤ ሻንጣዎች ማታ ከክፍሉ ደጅ ተቀምጠው ስለሚወሰዱ፣ በማግሥቱ የሚለበሰው ልብስና ጫማ እንዲሁም የጠዋቱ መድኃኒት አስቀድሞ መነጠል አለበት።

ለአረጋውያን ከሁሉ በፊት የምመክረው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የሌሊት መብራት ነው። መስኮት የሌለው ክፍል መብራቱ ሲጠፋ የገዛ እጅን እንኳ አያሳይም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር ደግሞ ውኃው ወደ ክፍሉ እንዳይፈስ የተሠራ ከወለሉ ከፍ ያለ ደፍ አለ። ሌሊት ለሽንት የሚነሣ ሰው እግሩ የሚያያዘው እዚያ ላይ ነው፤ በገቡበት ቀን እህትዎ ሁለቱንም በቀን ብርሃን ብታሻግራቸውና ደፉን ብታሳያቸው ጥሩ ነው። እንቅስቃሴ ሲሰማው ራሱ የሚበራው ዓይነት መብራት ለዚህ ተስማሚ ነው። የክፍሉ ግድግዳ በአብዛኛው ብረት በመሆኑ ከኋላው ማግኔት ያለበት ማንጠልጠያም ይጠቅማል፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ነጠላውና ኮፍያው ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ መተላለፊያው ነጻ ይሆናል።

በር የሚከፍተው፣ ሒሳብ የሚከፈልበትና ከመርከቡ ሲወጡና ሲገቡ የሚታየው አንድ ካርድ ስለሆነ፣ በአንገት የሚንጠለጠል ማሰሪያ ለሁለቱም ይግዙላቸው።

በመጨረሻም የእጅ ሰዓት። መርከቡ በራሱ ሰዓት ነው የሚሄደው፤ ስልክ ግን ወደብ ላይ ሲደርስ የአገሩን ሰዓት ራሱ ሊይዝ ይችላል። በጣሊያንና በግሪክ መካከል የአንድ ሰዓት ልዩነት አለ። በዚያ ላይ የመመለሻው ሰዓት 16፡30 ተብሎ ሲለጠፍ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10፡30 መሆኑን ወላጆችዎ አስቀድመው ይለማመዱት። በመርከቡ አዘጋጅነት ሳይሆን በግሉ ለከተማ ጉብኝት የወጣን ሰው መርከቡ ቆሞ አይጠብቅም፤ የዘገየ ሰው በራሱ ወጪ እስከሚቀጥለው ወደብ መከተል ይኖርበታል። ስለዚህ በየጠዋቱ ከመርከቡ ሰዓት ጋር የሚስተካከል ተራ የእጅ ሰዓት አባትዎ እጅ ላይ ይሁን።

መልስ፦ ነርስ ከሸዋ ሮቢት

ከላይ የተሰጠው ምክር መልካም ነው፤ እኔ በመድኃኒት በኩል ያለውን ልጨምር።

የአባታችሁ ኢንሱሊን በምንም ምክንያት በአውሮፕላኑ ሆድ በሚጫን ሻንጣ መሄድ የለበትም፤ እዚያ ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም እንኳ ተመልሶ አይሠራም። መርፌውን፣ የስኳር መለኪያውንና ስትሪፑን ጨምሮ ሁሉም ከነፋብሪካ ካርቶኑ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም፣ መጠኑንና የሚወሰድበትን ምክንያት በእንግሊዝኛ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት የሐኪም ደብዳቤ አብሮ ይሁን፤ ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጻፍ። ለጉዞው ከሚበቃው በላይ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ትርፍ መያዝ ያስፈልጋል፤ በመርከቡ ሱቅ ኢንሱሊን አይሸጥም። በብዙ ክፍሎች ያለው ትንሽ ማቀዝቀዣ ለመጠጥ ብቻ የተሠራ በመሆኑ በቂ ቅዝቃዜ ላይሰጥ ስለሚችል፣ እህትዎ ለመድኃኒት የሚሆን ፍሪጅና የመርፌ መጣያ ከወዲሁ ትጠይቅላቸው። ሰፊ አፍ ያለው ፔርሙስ ለመንገዱ ያገለግላል፤ ነገር ግን በረዶው ከኢንሱሊኑ ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ በጨርቅ ይጠቅለል።

ለጉብኝት ሲወርዱ በኪሳቸው ከረሜላ ወይም ስኳር አይጥፋ። ኤፌሶን ላይ ድንጋይ በተነጠፈበት ዳገትና ቁልቁለት ብዙ ስለሚያስኬድ፣ ምሳ ከዘገየ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ጫማቸው ቀደም ብለው የለመዱት፣ የተሸፈነና የማይንሸራተት መሆን አለበት፤ አዲስ ጫማ ለዚህ ጉዞ አይገዛ፣ በመርከቡ ወለልም ሆነ በባሕር ዳርቻ በባዶ እግር አይሂዱ። የስኳር ሕመምተኛ እግር ሲላጥ ሳይታወቀው ይቆስላልና ማታ ማታ እግራቸውን የሚያይላቸው ሰው ይኑር።

የመርከብ ማጥወልወልን በተመለከተ አንድ የአገራችን መለኪያ አለን። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን በአውቶቡስ ሲወርዱ የሚያጥወለውለው ሰው፣ መርከብም ሊያጥወለውለው እንደሚችል አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ሜክሊዚንና ዳይመንሃይድሪኔት የተባሉት መድኃኒቶች የሚሠሩት ማጥወልወሉ ከመጀመሩ በፊት ሲወሰዱ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም እንቅልፍ ያመጣሉ፣ አፍ ያደርቃሉ፤ የፕሮስቴት እብጠት ወይም ግላኮማ የተባለ የዓይን ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ወላጆችዎ ከሐኪማቸው ጋር ሳይነጋገሩ ከፋርማሲ ገዝተው እንዳይወስዱ። የደረቀ ዝንጅብል ለብዙ ሰው ይረዳል። ክፍላቸው ገና ካልተመረጠ፣ በመርከቡ መካከልና ዝቅ ባሉት ፎቆች ያለው ክፍል ንቅናቄው ይቀንሳል።

ሳሙና ደግሞ አይናቅ። በመርከብ ላይ ቶሎ የሚዛመተው ኖሮቫይረስ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ በአልኮል የተሠራው የእጅ ማጽጃ ይህን ቫይረስ በደንብ አያጠፋውም። ከምግብ በፊት እጅን በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው ዋናው፤ ሁለት ሦስት ፓኬት ኦ አር ኤስም በቦርሳው ይጨመር።

መልስ፦ የመሐል ሜዳዋ፣ አሁን በጣሊያን

እናቴን ይዤ በዚያው ባሕር ስለ ተጓዝኩ የሰነዱንና የልብሱን ነገር ልጻፍልዎ።

ጣሊያን፣ ማልታና ግሪክ በሸንገን ስምምነት ውስጥ ናቸው፤ ቱርክ ግን የለችበትም። መርከቡ ኩሻዳሲ ደርሶ ወደ አውሮፓ ሲመለስ ወላጆችዎ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ሸንገን እንደሚገቡ ስለሚቆጠር፣ ቪዛቸው ብዙ ጊዜ ለመግባት የሚፈቅድ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ከሆነ መርከቡ ላይ መሳፈርም ሊከለከሉ ይችላሉ። ለቱርክ ምን እንደሚያስፈልግም እህትዎ የመርከቡን ድርጅት በጽሑፍ ጠይቃ መልሱን ታትም። ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ብዙውን ጊዜ በእነዚያ አገሮች ብቻ ስለሚሠራ፣ ቱርክንና በመርከቡ ላይ የሚሰጠውን ሕክምና ማካተቱን ያረጋግጡ፤ የመርከብ ሐኪም ክፍያ ውድ ነው። የፓስፖርትና የቪዛ ፎቶ ኮፒ ከዋናው ተለይቶ በሌላ ቦርሳ ይቀመጥ።

ቋንታውና ቅቤው ይቅር። የአውሮፓ ኅብረት ከሌላ አገር የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም፤ ሮም አየር ማረፊያ ላይ ተወስዶ ይጣላል። የእናት ድካም እንዲህ ሲጣል ማየት ልብ ይሰብራልና ቤት ሳሉ ያስረዷቸው። ቆሎ ግን ለአውሮፕላኑ መንገድ ጥሩ ስንቅ ነው። ወደ መርከቡ የሚገባው ምግብ በአብዛኛው በፋብሪካ የታሸገ ደረቅ ነገር ብቻ ነው።

ስለ ልብስ፦ በጥቅምት ደብረ ብርሃን ውርጭ ሲይዛት የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ገና ለብ ያለ ነው። ቀን ቀን ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ የሚለብሱት ስስ ልብስ ይበቃቸዋል። በርኖሱ ሻንጣውን ከመሙላት በቀር አያገለግልም፤ አንድ ስስ ጋቢ ግን ያስፈልጋል። የምግብ አዳራሹና የትርኢት አዳራሹ በማቀዝቀዣ ስለሚበርዱ፣ ከላይኛው ፎቅም ማታ የባሕር ነፋስ ስለሚነሣ፣ እናቴ ጋቢዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። በብዙ መርከቦች ሰው አምሮበት ለእራት የሚወጣበት ምሽት አለና ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስና የአባትዎ ሙሉ ልብስ አይረሱ፤ በዚያ አዳራሽ ከእናትዎ የሚበልጥ የደመቀ አይኖርም።

ስልካቸው መርከቡ ሲነሣ በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ይደረግ፤ አለበለዚያ በባሕር ላይ ካለው የሳተላይት መስመር ጋር ተገናኝቶ ከፍተኛ ሒሳብ ያስቆጥራል። ፓወር ባንክ ከያዙ በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው ከተፈቀደው 100 ዋት ሰዓት በታች ስለሆነ ችግር የለበትም።

ጠያቂ፦ የጠባሴው፣ ደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የቪዛውን ነገር ለእህቴ ዛሬውኑ ነግሬያታለሁ። ቅቤውንና በርኖሱን እናታችን ተስማምተው መልሰዋል። የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ እናታችን ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ ደግሞም ዳዊታቸውን ያለ ጧፍ፣ ጠዋታቸውን ያለ ቡና አያውቁም። ጸበልም በትልቅ ጠርሙስ አዘጋጅተዋል።

መልስ፦ የመሐል ሜዳዋ፣ አሁን በጣሊያን

ለጾሙ እህትዎ ከጉዞው በፊት ለድርጅቱ «ቪጋን» (ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማይበላ) ብላ ታስመዝግብ፤ በመጀመሪያው ምሽትም ለአስተናጋጁ ራሷ ትንገረው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማይበሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትንሽ ካርድ እናትዎ ቦርሳ ውስጥ ቢኖር፣ እህትዎ አጠገባቸው በሌለችበት ጊዜም ያሳዩታል። በእጅ ቦርሳ የሚያዝ ፈሳሽ በአንድ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ የሚጠይቁ አየር ማረፊያዎች ብዙ ስለሆኑ፣ ጸበሉ በትንሽ ፕላስቲክ ይቀዳ፤ የቀረው በደንብ ታሽጎ በትልቁ ሻንጣ ይሂድ።

መልስ፦ የደብረ ሲና ልጅ

በጧፉ ፋንታ በባትሪ የሚበራ ሻማ መሰል መብራት በየዕቃ መደብሩ አለ፤ ለዳዊቱ ንባብ ግን ከመጽሐፍ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ የንባብ መብራት የተሻለ ያሳያል። ሁለቱም ትርፍ ባትሪ ይኑራቸው። ለቡናው በፋብሪካ የታሸገና በደቃቁ የተፈጨ ቡና ይያዙ፤ ከምግብ አዳራሹ የፈላ ውኃ በፔርሙስ ቀድተው ክፍላቸው ውስጥ በሲኒ በጥብጠው እስኪሰክን ከጠበቁት ጥሩ ይጠጣል። ከረከቦቱ ላይ ሁለት ሲኒ ብቻ አንሥተው በካልሲ ጠቅልለው በጫማው ውስጥ ቢከቱላቸው ሳይሰበሩ ይደርሳሉ።