ክርክር፦ የልዑል ዓለማየሁ አጽም ከዊንዘር ይውጣ ወይስ እዚያው ይረፍ?

የቋራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጉዳይ በየጊዜው እናነሳውና ሳንጨርሰው እንተወዋለን፣ ዛሬ ግን የምር እንከራከርበት። ለማያውቅ ባጭሩ ልበል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ልጃቸው ዓለማየሁ ገና ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላውም። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ፣ ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። ልጁ ስፒዲ በሚባል ካፒቴን እጅ እንግሊዝ ገባ። በ1879 ሊድስ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሲሞት 18 ዓመቱ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አስቀበረችው። በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ አጽሙ እንዲመለስ በይፋ ጠየቁ። በ2023 ደግሞ የንጉሡ ቤተ መንግሥት በኪንግሃም እሱን ለማውጣት አጠገቡ ያረፉ ብዙ ሰዎችን መነካካት ስለሚያስፈልግ የሚቻል አይመስለንም አለ። ይሄ መልስ እኔን አያሳምነኝም። እናንተስ?

ዲያቆን ነኝ፦
እኔ ይረፍ ባይ ነኝ። ወንድሜ፣ የሙት አጽም መነካካት ቀላል ነገር አይደለም። የኛን ልጅ ለማውጣት የሌላ እናት ልጅ አጽም መበተን ካለበት፣ እግዚአብሔርም ደስ አይለውም። የተቀበረው እኮ ሜዳ ላይ አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያ ቦታ የእንግሊዝ ነገሥታት ያረፉበት ነው፣ ሄንሪ ስምንተኛ ራሱ እዚያ ነው ያለው። ከኢትዮጵያ የሄዱ ልዑካንም ቦታውን እንዲያዩ ሲፈቀድላቸው ኖሯል። ጸሎተ ፍትሐቱን እዚያው ማድረስ እንችላለን።

የቋራ ልጅ፦
ዲያቆን፣ ሄንሪን ካነሳህ አይቀር እንነጋገር። ሄንሪ ያረፈበትን መቃብር እነሱ ራሳቸው በ1813 ከፍተውት አይተዋል። አንገቱን የተቆረጠው ቻርልስ ቀዳማዊም እዚያው አብሮት ነበር፣ የሱን ሳጥን ከፍተው ፊቱን ሳይቀር አይተዋል። ያኔ ከአካሉ የተወሰደውን ቅሪት ለመመለስ በ1888 እንደገና ከፈቱት። ጆርጅ ስድስተኛ በ1952 አንድ ቦታ ተቀመጠ፣ በ1969 ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ልዑል ፊሊፕም በ2021 የገባበትን ትቶ በ2022 ከሚስቱ ጎን እንዲያርፍ ተወሰደ። ሁሉም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው የተደረገው። ለራሳቸው ሲሆን መንገድ አለ፣ ለኛ ሲሆን የሙታን ክብር ይመጣል። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ይረፉ ካሉ ልጅስ ከናቱ ጎን ቢያርፍ ምናለበት?

የለንደኗ፦
እኔ ገብቼ አይቼዋለሁ። ግድግዳው ላይ የናስ ሰሌዳ አለ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው አጠገቡ ቆሞም ልብ አይለውም፣ ዙሪያው የነገሥታት ሐውልት ነዋ። የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ እዚህ አቅራቢያ ተቀብሯል ይላል፣ የተወለደበትና የሞተበት ቀን አለ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ እንዳቆመችለትም ተጽፏል። ከታች ደግሞ የማቴዎስ ወንጌል ቃል አለ፦ «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ»። እሱን ሳነብ ነው ደሜ የፈላው። እንግዳ ያደረገው ማነው? አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ በሕይወት ነበሩ፣ ደብዳቤ እየጻፉ ልጄ እንዴት ሆነ ይሉ ነበር። የሚጠብቀው ቤተሰብ ያለው ልጅ ነው። ቪክቶሪያ ትወደው ነበር ይባላል፣ ማዘኗንም አልክድም፣ ግን መውደድ ሌላ፣ ወደ ሰዉ መመለስ ሌላ ነው። በዚያ ላይ «እዚህ አቅራቢያ» ማለት ምን ማለት ነው? እናት ብትሆኑ ልጃችሁ በትክክል የት እንዳለ ማወቅ አትፈልጉም?

የታሪክ መምህር፦
የቋራው ልጅ፣ ቁጣህ ይገባኛል፣ ግን ማስረጃህን አስተካክል። ጆርጅና ፊሊፕ የነበሩት ሳጥን ለማስገባትና ለማውጣት በተሠራ የነገሥታት ክፍል ውስጥ ነው፣ ሳጥኑም የማን እንደሆነ ይታወቃል። ዓለማየሁ ያለበት ግን ከመሬት በታች የሆነ የጋራ መቃብር ነው። ስለዚህ ሁለቱ አይነጻጸሩም። ሪቻርድ ሦስተኛን ብታነሳ ይሻልህ ነበር። ከ500 ዓመት በላይ ጠፍቶ የነበረ ንጉሥ በ2012 ሌስተር ከተማ መኪና ማቆሚያ ሥር ተገኘ፣ በዲኤንኤ ተለየ፣ በ2015 በክብር ተቀበረ። ችሎታው እንዳላቸው ይህ በቂ ምስክር ነው። የዓለማየሁ ፀጉር ደግሞ በ2023 ለኢትዮጵያ ተመልሷል፣ ለማነጻጸር ሊረዳ ይችላል። የአባቱም ፀጉር በ2019 ለንደን ካለ ሙዚየም ተመልሷል።
አንድ ነገር ልጨምር። ያ ቤተ ክርስቲያን በጳጳስ ሥር አይደለም፣ በቀጥታ በዘውዱ ሥር ነው። ስለዚህ ፊርማ ስታሰባስቡ የምትጽፉት ለንጉሡና ለዊንዘር ዲን (ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ) ይሁን፣ ለካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ጽፋችሁ አትድከሙ።

ዲያቆን ነኝ፦
እሺ መምህር፣ ይምጣ እንበል። የት ይቀበራል? እዚህ ላይ ነው የምፈራው።

የለንደኗ፦
ጨለቆት፣ ከናቱ ጋር! ይሄ ያከራክራል እንዴ?

የቋራ ልጅ፦
ያከራክራል እንጂ እህቴ። የአፄ ቴዎድሮስ አጽም ከመቅደላ ወጥቶ ቋራ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም አርፏል ይባላል። ልጅ ከአባቱ ጋር ቢሆን ምን ነውር አለው?

ዲያቆን ነኝ፦
አያችሁ? አጽሙ ሳይመጣ ትግራይና ጎንደር ተባባልን። ሌላው ደግሞ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ይላል። አፄ ኃይለ ሥላሴን አስታውሱ። በ1975 ሞቱ፣ አጽማቸው በ1992 ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር ወጣ፣ የተቀበሩት ግን በ2000 ነው። አገራቸው ላይ ሆነው ስምንት ዓመት ሙሉ መቃብር ጠበቁ። ይሄን ልጅ ከአንድ መጋዘን ወደ ሌላ ልናንከራትተው ነው?

የታሪክ መምህር፦
ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው፣ እኔም ስጋቱ አለኝ። ግን የኛ አለመስማማት ለዊንዘር ምክንያት ሊሆን አይችልም፣ እነሱም አላነሱትም። እነሱ ያሉት «ብዙ ሰዎች» ነው። ስንት? ሳጥኖቹ እንዴት ነው የተደረደሩት? የመቃብር መዝገቡ ምን ይላል? መዝገቡን ገለልተኛ የሆኑ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ይዩት፣ ከኢትዮጵያም ሰው ይኑርበት። ለዚህ አንድም ድንጋይ አይነሳም።

ዲያቆን ነኝ፦
በዚህ እስማማለሁ። ባለሙያዎቹ አጽሙ ከሌሎች ተደባልቋል፣ መለየት አይቻልም ቢሉስ? የቋራው፣ ትቀበላለህ?

የቋራ ልጅ፦
ከኛ ወገን ሰው አይቶ ካረጋገጠ እቀበላለሁ፣ ያመኛል ግን እቀበላለሁ። ያኔም ቢሆን ያ ሰሌዳ ይስተካከል። መቅደላ ይጻፍበት፣ የናቱ ስም ይጻፍበት፣ በአማርኛም ይጻፍበት። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ አረቅቃለሁ፣ መምህር እርስዎ ይዩልኝ፣ የለንደኗ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰው። መፈረም የምትፈልጉ እዚሁ ሥር ግቡ።

የለንደኗ፦
እመልሰዋለሁ። የናቱን ስም ግን መጀመሪያው መስመር ላይ አድርገው።